የእድር ድንኳን ሸራ አቀያየር፦ ልክ፣ ስፌትና አወጣጠር

ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ሸራ መቀየር ያለበት ጡሩምባ በተነፋ ማግስት ሳይሆን ጊዜ በሚገኝበት ወቅት ነው። በጎጃም ጥሩው ወቅት ክረምቱ ከወጣበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው። አዲሱ ሸራ ጥር ሳይገባ ይሞከራል፤ ከጥምቀት በኋላ የሰርግ ወቅት ስለሚከፈት ድንኳኑ ከዚያ ወዲያ አያርፍም። በሐምሌና በነሐሴ ግን አትጀምሩት። ባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንብላት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው፤ እንጅባራና ዳንግላ ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። በዚያ ወቅት የተቀባ ብረትም ሆነ የረጠበ ሸራ በወጉ አይደርቅም።

ብረቱን ማደስ (ቀለሙ የሚደርቅበትን ሁለት ቀን ሳይጨምር) አንድ ቀን፣ ስፌቱ ሁለትና ሦስት ቀን፣ ማልበሱ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሥራው ሲጀመር የእድሩ ዳኛ ከጎረቤት እድር ድንኳን ለመዋስ አስቀድሞ ቃል ይቀበል። ይህ ተዘንግቶ ሸራው በስፌት ላይ እያለ ሰው ቢሞት ሐዘንተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል።

በእርግጥ መቀየር አለበት?

ሸራ ውድ ነው፤ መጀመሪያ አሮጌውን ፈትሹ። እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ውስጥ ቆማችሁ ወደ ላይ እዩ። ብርሃን በመርፌ ቀዳዳ ያህል የሚገባው በአናቱ መስመር ብቻ ከሆነ ችግሩ ብረቱ ጨርቁን መብላቱ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደረቢያ በአናቱ ላይ ቢሰፋ ሸራው ተጨማሪ ጊዜ ያገለግላል። ብርሃኑ ጣሪያውን ሁሉ እንደ ወንፊት ካለበሰው ግን ጠርዙን በሁለት እጅ ጣቶች ቆንጥጣችሁ ሳቡት። እንደ ወረቀት ተር ብሎ ከተቀደደ ክሩ ሞቷል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ላይ የሚሰፋ እራፊ በሚቀጥለው ነፋስ ከነስፌቱ ተገንጥሎ ይሄዳል፤ የስፌቱ ገንዘብም አብሮ ይባክናል።

የትኛው ሸራ?

ሦስት ዓይነት አለ። የጥጥ ሸራ ይተነፍሳል፤ ሲርስ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋል። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ለሚቀመጥበት ለቅሶ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው። ጠላቱ እርጥብ ሆኖ መታጠፍ ነው፤ ይሻግታል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። የጭነት መኪና የሚለብሰው ፒቪሲ የተቀባ ሸራ ውኃ ፈጽሞ አያሳልፍም፣ አይበሰብስም፤ ነገር ግን የሰው እስትንፋስ መውጫ አጥቶ ሌሊት ከጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀን ደግሞ በቆላው በኩል፣ ለምሳሌ ወደ አባይ በረሃ ወረድ ብሎ፣ ውስጡ ያፍናል። ሦስተኛው ቀላሉ የፕላስቲክ ሸራ ነው። ዋጋው ይስባል፤ ግን የደጋ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀውና በእጥፋቱ ይሰነጠቃል። ለእድር አንመክረውም። ለአንድ ሰርግ ዳስ ግን ይበቃል።

ክብደቱንም አስቡ፤ ድንኳኑን የሚሸከሙት ጎረምሶች ሁልጊዜ አይገኙም። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን የጥጥ ሸራ ከታች በምንሠራው ልክ ጣሪያው ብቻ 24 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 600 ግራም ፒቪሲ ከሆነ 32 ኪሎ ይደርሳል። ጣሪያውና ግድግዳው ለየብቻ እንዲሰፋ የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ቀድሞ የሚያልቀው ጭቃ የሚነካው የግድግዳው ታችኛ ክፍል ነው፤ የተለየ ከሆነ እሱን ብቻ ቀይራችሁ ጣሪያውን ታቆዩታላችሁ።

ልክ ከብረቱ እንጂ ከአሮጌው ሸራ አይወሰድም

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት አሮጌውን ሸራ መሬት ላይ ዘርግቶ በእሱ ልክ ማስቆረጥ ነው። አሮጌ ሸራ ለዓመታት ተወጥሮ አንዱ ጎኑ ረዝሟል፣ ሌላው ተኮማትሯል። በእሱ ልክ የተሰፋው አዲስ ሸራ ያንኑ ጠማማነት ይወርሳል።

ብረቱን ደልዳላ መሬት ላይ ያለ ሸራ ትከሉት። እዚህ ለምሳሌ የያዝነው ወርዱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ጎኑ 2 ሜትር፣ አናቱ 3 ሜትር ከፍታ ያለውን ድንኳን ነው። መጀመሪያ ማዕዘኑን ፈትሹ፦ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሜትር ለኩ፣ ከዚያም ሌላውን ሰያፍ ለኩ። ሁለቱም 9 ሜትር ከ43 ሳንቲ መምጣት አለባቸው። አንዱ 9.50፣ ሌላው 9.36 ከሆነ ድንኳኑ ተጣሟል፤ ቋሚዎቹን አንቀሳቅሳችሁ አስተካክሉ። በተጣመመ ብረት ላይ ልክ ሆኖ የተሰፋ ሸራ እንኳ በአንድ ጥግ ይጨማደዳል፣ በሌላው ይጎድላል። ቀጥሎ ከአናቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩ፤ አግዳሚው መሃል ላይ ከ2 ሳንቲ በላይ ከረገበ ይቃና፤ ውኃ የሚጠራቀመው እዚያ አካባቢ ነው።

አሁን የጣሪያው ስሌት። የወርዱ ግማሽ 2.5 ሜትር ነው፤ አናቱ ከክፈፉ በ1 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ ወራጁ 2.69 ሜትር ይመጣል። ሁለቱ ወራጆች 5.38 ናቸው። በሁለቱም ጎን ከክፈፉ ወርዶ የሚንጠለጠል 25 ሳንቲ፣ ለቅምቅማት ደግሞ 5 ሳንቲ ሲጨመር 5.98 ይሆናል፤ 6 ሜትር ያዙ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ በሁለቱም ግንባር 10 ሳንቲ ትርፍና 5 ሳንቲ ቅምቅማት ሲደመር 8.30 ነው።

ሸራው ወርዱ 1.50 ከሆነና በየመጋጠሚያው 3 ሳንቲ ከተደራረበ 6 ቁራጭ ያስፈልጋል፤ 6 ጊዜ 6 ሜትር 36 ሜትር። ቁራጮቹ ከክፈፍ ወደ ክፈፍ በአናቱ ላይ ተሻግረው ይሂዱ እንጂ በርዝመቱ አይሂዱ። እንዲህ ሲሆን ስፌቱ ውኃው በሚፈስበት አቅጣጫ ይወርዳል። በርዝመቱ የተሰፋ ከሆነ እያንዳንዱ መጋጠሚያ እንደ እርከን ውኃ ያቆማል።

ለሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች በየጎኑ 6 ቁራጭ በ2.25 ሜትር፣ በድምሩ 27 ሜትር። የሁለቱም ግንባሮች መሃል በር ስለሆነ የየግንባሩ ግራና ቀኝ ክፍል መሃል ላይ በ40 ሳንቲ መደራረብ አለበት። ለእያንዳንዱ ግንባር 3.25 ሜትር ሁለት፣ 2.80 ሜትር ሁለት ቁራጭ ይበቃል፤ ለሁለቱ 24.20 ሜትር። ሁሉም ሲደመር 87 ሜትር ከ20። 90 ሜትር ግዙ። የጥጥ ሸራ ከሆነና አስቀድሞ ያልታጠበ ከሆነ መጀመሪያ ሲርስ ስለሚኮማተር በየቁራጩ ርዝመት ላይ 3 በመቶ ጨምሩ፤ ግዢውንም ወደ 93 ሜትር ከፍ አድርጉት።

ትርፉ አይጣል። ከጣሪያው የመጨረሻ ቁራጭ ላይ 55 ሳንቲ ወርድ ያለው 6 ሜትር ዝርግ ይተርፋል፣ ከግድግዳውም 2.25 ሜትር። ከሁለቱ 30 ሳንቲ ወርድ ቆርጣችሁ ብትገጥሟቸው 8.22 ሜትር ይሆናሉ፤ ይህ የአናቱ መደረቢያ ነው። ሳይሰፋ ከቀረ ሸራው ቀድሞ የሚበሳው ከዚያ ነው። ከቀሪው 25 ሳንቲ ለአራቱ ጥግ 20 በ20 መደረቢያ ይወጣል።

ስፌቱ

ለሸራ ሰፊው ሦስት ነገር ንገሩ፤ ሲሠራም ቆማችሁ እዩ። አንደኛ፣ መጋጠሚያው ጠርዞቹ እርስ በርስ ተቆልፈው በሁለት መስመር ይሰፋ። ሁለተኛ፣ የመርፌው እርምጃ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልብስ ሰፊ እንደ ለመደው 2 ሚሊ ሜትር ካደረገው ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ሸራው በስፌቱ መስመር ይቀደዳል። ሦስተኛ፣ ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ለልብስ የሚሆን የጥጥ ክር ከሸራው ቀድሞ ይበሰብስና ጣሪያው በመጋጠሚያው ይከፈታል።

የመርፌው ቀዳዳ በጥጥ ሸራ ላይ በጊዜ ሂደት ይዘጋል፤ እስከዚያ ግን ያፈሳል። መድኃኒቱ ጎጃም ሞልቷል፦ ንጹሕ የንብ ሰም። ሰሙን ፀሐይ ላይ ለስለስ አድርጋችሁ በስፌቱ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ነጭ መስመር እስኪተው ድረስ እሹት። ከዚያ ትኩስ ካውያ በወረቀት ላይ አሳልፉበት፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ቀዳዳው ሲገባ መስመሩ ይጠፋና ጨርቁ ጠቆር ይላል። የሱቅ ሻማ አትጠቀሙ፤ በብርድ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ሰሙንም ከስፌቱ ውጭ ጣሪያውን ሁሉ አትቀቡት፤ ሰም የጠጣ ሸራ እንደ ጧፍ ይቀጣጠላል፣ በድንኳን አጠገብ ደግሞ ሁልጊዜ እሳት አለ። ፒቪሲ ሸራ በሰም አይያዝም፤ መጋጠሚያው በሙቅ አየር ይጣበቅ ወይም በፒቪሲ ማጣበቂያ ይያዝ።

የጣሪያው ቅምቅማት 5 ሳንቲው ለሁለት ታጥፎ ሦስት ድርብ ይሆናል። የብረት ቀለበቶቹ በዚህ ድርብ ላይ በየ50 ሳንቲው ይመታሉ፤ በአንድ ክፈፍ 17፣ በሁለቱ 34። በግንባሮቹ ጠርዝ በየ45 ሳንቲው 13፣ በሁለቱ 26። ድምሩ 60 ነው፤ ሲመቱ የሚበላሹ ስላሉ 70 ግዙ። ናስ ይሁኑ፣ ውስጣቸው 10 ሚሊ ሜትር። ቀዳዳው ከቀለበቱ አንገት ትንሽ ይጥበብ፤ ቀለበቱ ተገፍቶ ሲገባ ጨርቁ ዙሪያውን ይነክሰዋል። በቢላ ተሰንጥቆ የገባ ቀለበት ግን በመጀመሪያው ነፋስ ይነቀላል። ለግድግዳው ቀለበት አያስፈልግም፤ ከዚያው ሸራ የተሰፋ የ40 ሳንቲ ማሰሪያ በየ50 ሳንቲው ይበቃል፤ ግድግዳው ቀን ይጠቀለላል፣ ማታ ይወርዳል፣ ማሰሪያ ደግሞ ለእጅ ይቀላል።

ብረቱ

አዲስ ሸራ በዛገ ብረት ላይ ማልበስ ገንዘብ መጣል ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡ፣ ሁለት ቀን ይድረቅ። እጃችሁን በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ ጣታችሁን የጫረ የብየዳ እንጥብጣቢ ሁሉ ሸራውንም ይበሳዋል፤ በሞረድ ይውረድ። ብሎኖቹን ደግሞ ጭንቅላታቸው ወደ ሸራው፣ ዳዶው ወደ ውስጥ እንዲሆን አዙሩ። ብዙ ድንኳን ላይ በየ2 ሜትሩ ተደርድሮ የሚታየው ክብ ቀዳዳ የብሎን ጥርስ ሥራ ነው። በአናቱና በክፈፉ መጋጠሚያዎች ላይ ያረጀ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ጠቅልላችሁ በሽቦ ሳይሆን በገመድ እሰሩት።

ማልበስ

ጠዋት ጀምሩ። በጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ይነሣል፤ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎችም ቀትር ካለፈ 50 ካሬ ሜትር ሸራ ይዞ መቆም አደጋ ነው። አሥር ሰው ያስፈልጋል።

ጣሪያውን ቆሞ ባለ ብረት ላይ እየጎተታችሁ አታልብሱ። ቋሚዎቹን አውጡና የጣሪያው ብረት ብቻ መሬት ላይ ይቀመጥ። አሁን አናቱ 1 ሜትር ብቻ ስለሆነ ማንም እጁ ይደርሳል። የሸራውን መሃል በሁለቱም ግንባር ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ሸራውን ከአንድ ክፈፍ ወደ ሌላው አሻግሩና ምልክቱን ከአናቱ ብረት ጋር አገናኙ። በሁለቱም ጎን የተንጠለጠለው እኩል መሆኑን በሜትር አረጋግጡ።

አስተሳሰሩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሁለቱን የአናት ጫፎች እሰሩ። ቀጥሎ የአንዱን ክፈፍ መሃለኛ ቀለበት፣ ከዚያ ትይዩ ያለውን። ከዚያ አንድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ፣ እንደገና ትይዩውን እያላችሁ ወደ ጥጎች ሂዱ። ጥግ መጨረሻ ነው። ሰው ልምዱ ሆኖ አራቱን ጥግ አስቀድሞ ያስራል፤ ያን ጊዜ የላላው ሁሉ መሃል ላይ ይቀራል፣ ከመሃል ደግሞ ማውጫ የለውም። ከመሃል ሲጀመር ግን ሽብሽቡ ወደ ጥግ እየተገፋ ይሄድና በመጨረሻው ቀለበት ይወጣል።

በመጀመሪያው ዙር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፤ በሁለተኛው ዙር አጥብቁ። ትክክለኛው ውጥረት በእጅ ይታወቃል፦ በሁለት ወራጆች መካከል መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ስትጫኑ 3 ወይም 4 ሳንቲ መውረድ አለበት። ምንም ካልወረደ በመጀመሪያው ዝናብ ሸራው ሲኮማተር ቀለበቱን ይነቅላል። አንድ ስንዝር ከወረደ ውኃ ይቋጥራል። በቀለበቱና በብረቱ መካከል ከጎማ ላስቲክ የተቆረጠ ማሰሪያ ብታስገቡ ነፋሱ ሲመታ ይሳባል፣ ሲያልፍ ይመለሳል፤ ቀለበቱ አይጎዳም።

አሁን ማንሣት። ብረቱ 42 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጣሪያው ብረት ብቻ 100 ኪሎ ገደማ ነው። አምስት ሰው አንዱን ክፈፍ ያነሣል፣ ሌሎቹ አምስቱ ቋሚዎቹን ያስገባሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራሉ። አንዱ ጎን ተነሥቶ ሌላው መሬት ላይ ሳለ ማንም ከሥሩ አይግባ።

ግድግዳው ከውስጥ በኩል በክፈፉ ብረት ላይ ይታሰር፤ የጣሪያው 25 ሳንቲ ከውጭ ይሸፍነዋል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ከጣሪያው የወረደው ውኃ ሁሉ በግድግዳው ውስጥ ወደ መቀመጫው ይገባል። የታችኛው 15 ሳንቲ ትርፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍና አግዳሚ ወንበር ይጫነው፤ ከውጭ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር።

አውታርና ካስማ

በየቋሚው አንድ፣ በሁለቱ የአናት ጫፎች አንድ አንድ፣ በድምሩ 12 አውታር። ካስማው ባለ 16 ፌሮ፣ 60 ሳንቲ ርዝመት፤ ክረምት ላይ በመረሬ አፈር ግን 90 ሳንቲ ይሁን፤ የረጠበ መረሬ አጭር ካስማ አይዝም። ከቋሚው በ2 ሜትር ርቀት፣ ጭንቅላቱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ያጋደለ ሆኖ ይመታ። ቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥራል፤ ዝናብ ሲጀምር ላላ ካልተደረገ ካስማውን ይነቅላል ወይም ሸራውን ይቀድዳል። ናይለን ተቃራኒው ነው፣ ሲርስ ይላላል፤ እሱን ዝናብ ሲዘንብ አጥብቁ። ሁለቱን በአንድ ድንኳን አትቀላቅሉ።

የመጀመሪያው ዝናብ

የጥጥ ሸራ ከመጀመሪያው ለቅሶ በፊት አንድ ጊዜ ይርጠብ፣ ተወጥሮ ሳለ ይድረቅ፤ ካልዘነበ በባልዲ አጠጡት። ያን ቀን ትንሽ ቢያፈስ አትደንግጡ፤ ክሩ ሲያብጥ ይቆማል። በዝናብ ጊዜ ሸራውን ከውስጥ በጣት መንካት ግን ነውር ይሁን፤ የተነካው ቦታ ያንጠባጥባል።

ውኃ ከቋጠረ ዝም አትበሉ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የተጠራቀመ 5 ሳንቲ ውኃ 50 ኪሎ ነው፣ ጨርቁን እየሳበ ጉድጓዱን ያሰፋል፣ ተጨማሪ ውኃም ይጠራል። ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ከሥር ወደ ላይ ግፉት። በዚያው ቦታ ደጋግሞ ከቋጠረ ከግንባር እስከ ግንባር በወራጆቹ መሃል የናይለን ገመድ ወጥሩ፤ ሸራው በእሱ ላይ ያርፋል።

ማስቀመጥ

ድንኳኑ ሲነቀል ማታ ሆኖ እርጥብ ከታጠፈ በማግስቱ ጠዋት ተከፍቶ ሁለቱም ገጽ ፀሐይ ይምታው። ጭቃውን በውኃና በብሩሽ አንሱ፤ የዱቄት ሳሙና የጥጥ ሸራውን ውኃ የመከላከያ ቅብ ያወጣዋል። ሲታጠፍ በየጊዜው እጥፋቱን አዛውሩ፣ በተለይ ፒቪሲ በአንድ መስመር ደጋግሞ ሲታጠፍ እዚያው ይሰነጠቃል። የእንጀራ ፍርፋሪ በእጥፋቱ ውስጥ እንዳይቀር አራግፉት፤ አይጥ የምትገባው እሱን ፍለጋ ነው። በእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ከወለሉ ከፍ ብሎ በቆጥ ላይ ይቀመጥ። ከአሮጌው ሸራ ጤነኛ የሆነው ክፍል አብሮት ይቀመጥ፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲመጣ እራፊው ከዚያ ይቆረጣል፣ ጥጉ ክብ ሆኖ፣ በየጎኑ ከቀዳዳው 5 ሳንቲ ሰፍቶ።